ስለ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ልክ

ቁናው ከገበያ ገበያ በሚለያይበት አገር ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ መኖራቸውን ከአባቶቻችን ሰምታችኋል። እህሉ አንድ ሆኖ መስፈሪያው ሁለት ከሆነ እውነተኛውም ሰው ሐሰተኛ ይባላል። ይህን የመሰለው ክርክር በየብስ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በባሕርም ላይ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። ዛሬ የምናወሳችሁ «የዓሣ አጥማጅ መርከብ ትልቅነት በምን ይለካል?» የሚለውን ጥያቄ ታሪክ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ የዓሣው ሀብትና የመርከበኞቹ ሕይወት ከእርሱ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ከዚህ በታች ትመለከታላችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቶን» የሚለው ቃል ዛሬ የክብደት ስም ቢሆንም መነሻው በርሜል ነው። በመካከለኛው ዘመን ከቦርዶ ወደብ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄደው የወይን ጠጅ በትላልቅ በርሜሎች ይጫን ነበር፤ ነገሥታቱም ቀረጡን በበርሜሉ ቍጥር ያስከፍሉ ነበር። ከዚህም የተነሣ የአንድ መርከብ ትልቅነት በሚይዘው የበርሜል ብዛት ይነገር ጀመር።

በኋላ ግን በርሜል መቍጠሩ ቀርቶ በስሌት መገመት መጣ። በ1773 በብሪታንያ የወጣው ሕግ የመርከቡን ርዝመትና ወርድ ያስለካ ነበር፤ ጥልቀቱን ግን ሳያስለካ «የወርዱ እኩሌታ ነው» ብሎ ወሰነ። ግብሩ በዚህ ስሌት ስለሚከፈል፣ መርከብ ሠሪዎቹ ሕጉ የሚቈጥረውን ወርድ እያጠበቡ የማይቈጥረውን ጥልቀት ጨመሩ። የተገኘውም ውጤት ጠባብና ጥልቅ፣ ለመንዳት አስቸጋሪ የሆነ መርከብ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ልክ መርከቡን ሊከተል ሲገባው መርከቡ ልኩን ተከተለ።

ይህን ጕድለት ለማረም ብሪታንያ በ1854 የጆርጅ ሙርሶምን ዘዴ በሕግ ተቀበለች። በዚህ ዘዴ የመርከቡ የውስጥ ይዘት ተለክቶ እያንዳንዱ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለት 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ያህል፣ አንድ ቶን ተባለ። ሌሎች መንግሥታትም ዘዴውን እየተቀበሉት ሄዱ። ነገር ግን የትኛው ክፍል እንዲቈጠር፣ የትኛውም እንዲተው እያንዳንዱ መንግሥት በየራሱ ስለ ወሰነ፣ አንዱ መርከብ ባንዲራ በለወጠ ጊዜ ቶኑም ይለወጥ ነበር። ልዩነቱን ለማስወገድ በ1947 በኦስሎ፣ ቀጥሎም በሰኔ 23 ቀን 1969 በሎንዶን ዓለም አቀፍ ውሎች ተፈረሙ። የሎንዶኑ ውል ከሐምሌ 18 ቀን 1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

ሆኖም የሎንዶኑ ውል የተጻፈው 24 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ላላቸው፣ ከአገር ወደ አገር ለሚጓዙ መርከቦች ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሞተር ካላቸው የዓሣ ጀልባዎች ግን ከ5ቱ 4ቱ ያህሉ ከ12 ሜትር ያነሡ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ዓሣ አጥማጅ ከውሉ ውጭ ቀረ።

ችግሩ ጐልቶ የታየው በአውሮፓ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮች በ1983 የጋራ የዓሣ ማጥመድ ሥርዓት ከመሠረቱ በኋላ፣ ዓሣው እንዳያልቅ የመርከቦቻቸውን ኀይል መወሰን አስፈለጋቸው። ዳሩ ግን የአንዱ ቶን ከሌላው ቶን ካልተስማማ ማን ብዙ እንደ ቀነሰ፣ ማንስ ጥቂት እንደ ቀነሰ በምን ይታወቃል? በመስከረም 22 ቀን 1986 የወጣው ደንብ የርዝመትን፣ የወርድን፣ የቶንንና የሞተር ኀይልን ትርጕም ለሁሉም አንድ አደረገ። በ1994 ደግሞ ተሻሽሎ፣ ከ15 ሜትር ለሚያንሡት ጀልባዎች ርዝመትን፣ ወርድንና ጥልቀትን በማባዛት የሚሠራ ቀላል ስሌት ተሰጣቸው። የ1773ቱ ሕግ የረሳው ጥልቀት በዚህ ጊዜ ተለካ። ደንቡም በ2017 እንደ ገና ተጠናቅሮ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ ልክ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ተንኰል አይቀርም። በብሪታንያ ከ10 ሜትር በታች ላሉት ጀልባዎች ሕጉ ቀለል ያለ በመሆኑ፣ ርዝመታቸው ከ10 ሜትር ጥቂት ብቻ የሚያንስ፣ ወርዳቸውና ጥልቀታቸው ግን የትልቅ መርከብ ያህል የሆኑ ጀልባዎች ተሠሩ። በስም ትንሽ፣ በመያዝ ግን ትልቅ ሆኑ፤ በእውነት ትንንሽ የሆኑት የባሕር ዳር ጀልባዎችም ከእነርሱ ጋር በአንድ መደብ ተቈጠሩ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በአዲሱ አለካክ የተዘጋ ክፍል ሁሉ ይቈጠራል። ቶን በተወሰነበት አገር ባለመርከቡ ለመርከበኞች መኝታና መጠለያ ቢጨምር፣ ያው መጠለያ የማጥመድ ኀይል ያህል ይታሰብበታል። ሰው የሚያርፍበት አልጋ ዓሣ አያጠምድም፤ መዝገቡ ግን ይህን ለይቶ አያውቅም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው ደንብ፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ መርከቦች ከዋናው ወለል በላይ ለደኅንነት፣ ለሥራ ሁኔታና ለንጽሕና ሲሉ ቶናቸውን መጨመር እንዲችሉ የፈቀደው ስለዚህ ነው።

እንዲሁም በ1977 በቶሬሞሊኖስ ስለ ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ደኅንነት የተፈረመው ውል መርከቦችን በርዝመት ብቻ ለይቶ ነበር፤ ያም ውል በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2012 በኬፕ ታውን የተደረገው ስምምነት ግን በርዝመት ፈንታ በቶን መመዘንን ፈቀደ፤ 24 ሜትርንም ከ300 ቶን ጋር አስተካከለ። ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት መርከቦች ይዘታቸው እጅግ ሊለያይ እንደሚችል መታወቁ ነው።

እንግዲህ፣ አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ልክ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ፍትሕ አይኖርም። ነገር ግን አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚለካው ነገር ከሚፈለገው ነገር ጋር መስማማት አለበት። ግብር ለመሰብሰብ የተበጀ ልክ ዓሣን ለመጠበቅ ላይመች ይችላል፤ ዓሣን ለመጠበቅ የተበጀውም ሰውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ሕግ አውጪ ሁሉ መስፈሪያ ከመቍረጡ በፊት «ይህ ልክ ሰዎችን ምን እንዲሠሩ ይገፋፋቸዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ የስሌቱን ስሕተት በማዕበል መካከል የሚከፍለው መርከበኛው ነውና።