ክብሪት እስኪገራ የተከፈለ ዋጋ

በአገር ቤት ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ ማሳደር የቤት እመቤት ሙያ ነበር። እሳቱ ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ ግን ልጅ ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ «እሳት መጫር» የሚባለውም ይኸው ነው። ክብሪት ከባሕር ማዶ ሲመጣ ሕዝቡ አዲስ ግሥ አልፈለገለትም። ከጎረቤት ምድጃ ፍም እንደሚጫር ሁሉ ክብሪትም ይጫራል ተባለ። ስሙ ደግሞ የዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዲን» ተብሎ የሚታወቀው ቢጫ ማዕድን፣ ማለትም ሰልፈር ነው። እንግዲህ ክብሪት ገና ከስሙ ጀምሮ ከምን እንደተሠራ ይናገራል።

ስሙ የማይናገረው ነገር ግን አለ። ያቺ ቀጭን እንጨት ዛሬ ያለ ሥጋት በእጅ የምትያዝ እስክትሆን ድረስ ብዙ ድሆች፣ ይልቁንም ሴቶችና ሕፃናት ጥርሳቸውን፣ መንጋጋቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ገብረውላታል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ ሞቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መቀጠሉ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመድኃኒት ቀማሚው ግኝት

በሰሜን እንግሊዝ ስቶክተን ኦን ቲስ በምትባል ከተማ ጆን ዎከር የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ይህ ሰው በ1826 ዓ.ም. ገደማ ፖታሲየም ክሎሬትና አንቲሞኒ ሰልፋይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ቀላቅሎ በእንጨት ጫፍ ላይ አደረቀ። እንጨቱን ሻካራ ነገር ላይ ሲፈትገው ቦግ ብሎ ተቀጣጠለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1827፣ እንጨቶቹን ከአንዲት ብጣሽ የብርጭቆ ወረቀት ጋር መሸጥ ጀመረ። ገዢው ወረቀቷን አጥፎ እንጨቱን በመካከሏ ይስባል፤ እሳት ይወጣል። ዎከር ግኝቱን በስሙ አላስመዘገበም፤ ስለዚህም ሌሎች ወዲያው ቀድተው ገበያውን አጥለቀለቁት።

የዎከር ክብሪት ችግር ነበረበት። ለመቀጣጠል ያስቸግራል፤ ሲቀጣጠል ደግሞ ራሱ ተቆርጦ ምንጣፍና ልብስ ላይ ይወድቃል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሻርል ሶሪያ የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት አንቲሞኒውን በነጭ ፎስፈረስ ተካው። ከዚያ ወዲህ ክብሪት በግድግዳ፣ በጫማ ሶል፣ በድንጋይ፣ በየትም ቢጫር የሚነድ ሆነ። ሕዝቡም ወደደው፤ ዋጋውም ረከሰ።

ነጭ ፎስፈረስ ግን መርዝ ነው። እርጥብ አየር ሲያገኝ በራሱ ይጨሳል፤ በጨለማም ያበራል። በጥቂት ቀፎዎች ውስጥ ባለው ክብሪት ላይ የሚገኘው መጠን ሰው ለመግደል የሚበቃ ነበር። ክብሪት የላሱ ሕፃናት ሞተዋል፤ ራሳቸውን ለማጥፋት የተጠቀሙበትም ነበሩ። በቤት ውስጥ የደረሰው ይህ ከሆነ፣ በፋብሪካ ውስጥ የነበረው ደግሞ የባሰ ነበር።

መንጋጋን የሚበላው በሽታ

የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ የፎስፈረሱን ጢስ ይተነፍሳሉ። ምሳቸውን እዚያው የሚበሉ ስለነበሩ መርዙ ከእንጀራቸው ጋር ወደ አፋቸው ይገባል። በመጀመሪያ ጥርስ ያማል። ቀጥሎ ድድ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፤ በመጨረሻም የመንጋጋው አጥንት ይሞትና ይበሰብሳል። ሎሪንዘር የተባለው የቪየና ሐኪም በ1845 ይህን በሽታ በጽሑፍ ለሕክምናው ዓለም አሳወቀ። እንግሊዞቹ ሠራተኞች «ፎሲ ጆ» ይሉት ነበር። ብዙ ጊዜ የነበረው መፍትሔ የሞተውን አጥንት በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። የተረፈው ሰው ፊቱ ተበላሽቶ፣ ሽታው ከሰው አርቆት ይኖራል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ሎሪንዘር ስለ በሽታው ከመጻፉ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1844፣ ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ የተባለ የስዊድን የኬሚስትሪ ሊቅ መፍትሔውን አስመዝግቦ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እሳቱን ለሁለት መክፈል። የሚያቀጣጥለው ንጥረ ነገር ከእንጨቱ ራስ ወጥቶ በቀፎው ጎን ላይ ይለጠፋል፤ የሚነደው በእንጨቱ ራስ ላይ ይቀራል። በነጩ ፈንታም መርዛማ ያልሆነው ቀይ ፎስፈረስ ይገባል። ሁለቱ ካልተገናኙ እሳት የለም። በዮንሾፒንግ ከተማ የክብሪት ፋብሪካ የነበራቸው የሉንድስትሮም ወንድማማቾች ይህን አሻሽለው በ1855 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሳዩ፤ ተሸለሙም።

በዚያው ዓመት ብራያንት ኤንድ ሜይ የተባለው የለንደን ኩባንያ ያንኑ ክብሪት በእንግሊዝ የመሥራት መብት ገዛ። ነገር ግን ደኅነኛው ክብሪት ዋጋው ከፍ ያለ ነበር፤ ገዢውም በየትም የሚጫረውን ርካሹን መረጠ። ስለዚህ ኩባንያው ሁለቱንም እያመረተ ይሸጥ ነበር። ደኅነኛውን መሥራት እያወቀ፣ መርዘኛውንም መሥራቱን አላቆመም።

የ1888ቱ አድማ

የኩባንያው ፋብሪካ የሚገኘው በምሥራቅ ለንደን ቦው በሚባለው የድሆች ሰፈር ነበር። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ የአየርላንድ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በሰኔ 1888 አኒ ቤዛንት የተባለች ጋዜጠኛና የሠራተኛ መብት ተሟጋች ጥቂቶቹን አነጋግራ «ዘ ሊንክ» በተባለችው በግማሽ ፔኒ በምትሸጥ ትንሽ ጋዜጣ ላይ «ነጭ ባርነት በለንደን» በሚል ርእስ ጽሑፍ አወጣች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በሳምንት አራት ሽልንግ እንደምታገኝ፣ እግሯ ከቆሸሸ ወይም ከዘገየች ከዚያችው ላይ እንደሚቆረጥባት ገለጸች። ባለ አክሲዮኖቹ ግን ከመቶ ሃያ በላይ ትርፍ ይከፋፈሉ እንደነበር አጋለጠች።

አለቆቹ ሠራተኞቹን ሰብስበው «የተጻፈው ውሸት ነው» የሚል ወረቀት እንዲፈርሙ አዘዙ። ሴቶቹ አንፈርምም አሉ። በሐምሌ መጀመሪያ አንዲት ሠራተኛ ስትባረር ጓደኞቿ ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ በጥቂት ቀንም አድመኞቹ 1,400 ያህል ደረሱ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ማኅበርም አልነበራቸውም። በሰልፍ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄዱ፤ ልዑካን ወደ ፓርላማ ላኩ፤ ሕዝቡ ከኪሱ እያዋጣ ደገፋቸው። በሁለት ሳምንት ገደማ ኩባንያው ተሸነፈ። ቅጣቱ ቀረ፤ የተባረሩት ተመለሱ፤ ከመርዙ ርቀው የሚበሉበት ክፍል እንዲዘጋጅ ስምምነት ተደረሰ። ወዲያው የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት በ1889 የለንደን ወደብ ሠራተኞች ላደረጉት ታላቅ አድማ አርአያ ከሆኑት አንዱ የእነዚህ ሴቶች ድል ነው።

ነጩ ፎስፈረስ ግን ከፋብሪካው አልወጣም። የደኅንነት ሠራዊት የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በ1891 በዚያው በምሥራቅ ለንደን በቀይ ፎስፈረስ ብቻ የሚሠራ፣ ለሠራተኛውም የተሻለ የሚከፍል ፋብሪካ ከፍቶ ያለ መርዝ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1898 ብራያንት ኤንድ ሜይ 17 የመንጋጋ በሽተኞችን ከመንግሥት በመደበቁ ተከሶ ተፈረደበት፤ ቅጣቱ 25 ፓውንድና 9 ሽልንግ ብቻ ነበር። ኩባንያው በነጩ ፎስፈረስ መጠቀሙን ያቆመው በ1901 ነው። በእንግሊዝ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው ደግሞ ከ1910 መጀመሪያ አንሥቶ ነው።

አሜሪካ በግብር ያጠፋችው መርዝ

ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ነጩን ፎስፈረስ ከልክለው ነበር። በ1906 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የአውሮፓ መንግሥታት ክልከላውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አደረጉት። ዩናይትድ ስቴትስ ግን አልፈረመችም፤ የፌዴራሉ መንግሥት በየስቴቱ ውስጥ የሚገኘውን ፋብሪካ ሥራ የመከልከል ሥልጣን የለውም የሚል ክርክር ነበርና።

ጆን አንድሩስ የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር በ1910 ባወጣው ጥናት በሽታው በአሜሪካ ፋብሪካዎችም እንዳለ አረጋገጠ። በዚያን ጊዜ መርዛማ ያልሆነ በየትም የሚጫር ክብሪት የሚሠራበትን ዘዴ በመብትነት ይዞ የነበረው ዳይመንድ ማች የተባለው ኩባንያ ነበር። ፕሬዚዳንት ታፍት ጠይቀውት በ1911 መብቱን ለሕዝብ ለቀቀ። በ1912 ኮንግረሱ ብልሃት አገኘ፤ ክልከላውን በግብር ስም አወጣው። በነጭ ፎስፈረስ በተሠራ በየመቶው ክብሪት ላይ ትርፉን ጨርሶ የሚበላ የሁለት ሳንቲም ግብር ተጣለ። ሕጉ በ1913 ሥራ ላይ ሲውል መርዙ ከገበያ ጠፋ።

በየምግብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ የነበረችው የወረቀት ክብሪትም የራሷ ታሪክ አላት። ጆሹዋ ፑሲ የተባለ የፊላደልፊያ ጠበቃ በ1892 ሲያስመዘግባት መጫሪያዋ ከውስጥ፣ ከክብሪቶቹ አጠገብ ነበር። አንዱ ሲጫር ሁሉም ተያይዞ እጅ ያቃጥል ስለነበር መጫሪያው ወደ ውጭ ወጣ፤ «ከመጫርዎ በፊት ይክደኑ» የሚል ማሳሰቢያም ታተመበት። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ደንብ መጫሪያው በጀርባዋ በኩል እንዲሆን ግዴታ ሆነ። በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ያለች መስመር ከፊት ወደ ኋላ እስክትዞር ሰማንያ ዓመት አልፏል ማለት ነው።

እሳቱ በእጅ ሲገባ

ክብሪት ሲጫር የሚሆነው ይህ ነው። ሰበቃው በቀፎው ጎን ካለው ቀይ ፎስፈረስ ጥቂቱን ያግለዋል፤ እርሱም በእንጨቱ ራስ ላይ ያለውን ፖታሲየም ክሎሬት ይቀሰቅሳል፤ ያ ደግሞ ሰልፈሩን፣ ሰልፈሩም እንጨቱን ያቀጣጥላል። ይህን ያወቀ ሰው ጥንቃቄውን ሌላ ሳይነግረው ይገባዋል። ቀፎው ከመጫሩ በፊት ይዘጋል፤ አንዲት ፍንጣሪ የቀሩትን በሙሉ ልታነድ ትችላለችና። እንጨቱ ከፊትና ከልብስ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጫራል። ነበልባል ወደ ላይ ስለሚወጣ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ መያዝ ጣትን ማቃጠል ነው፤ አግድም መያዝ ይሻላል። የጠፋው እንጨት ውሃ ሳይነካው ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣል። በአሜሪካ በየትም የሚጫረው ዓይነት ዛሬም አለ፤ ጫፉ በሌላ ቀለም ስለሚለይ ይታወቃል። እርሱን በኪስ ይዞ መዞር አይገባም።

በእጅ የሚለኮስ የጋዝ ምድጃ ያለው ሰው አስቀድሞ ክብሪቱን ይጭራል፣ ከዚያ በኋላ ጋዙን ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጋዙ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። ቤቱ ጋዝ ጋዝ ከሸተተ ክብሪት መጫር ቀርቶ የመብራት ማብሪያ መንካትም አይገባም፤ ልጆችን ይዞ ወጥቶ ከውጭ ስልክ መደወል ነው። ቡና ለማፍላት ከሰል በአፓርትመንት ውስጥ ማቀጣጠል ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። አገር ቤት ጣራውና ግድግዳው ያስተነፍስ ነበር፤ የፈረንጅ ቤት ግን ለብርድ ተብሎ የተደፈነ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ለቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ሥርዓቱን አያፈርሰውም።

ዛሬ በቦው የቆመው የፋብሪካው ሕንጻ የመኖሪያ አፓርትመንት ሆኗል። በ2022 ለአድመኞቹ መታሰቢያ የሚሆን ሰማያዊ ጽላት በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ከዚህ ታሪክ ስደተኛው ሠራተኛ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ደኅነኛው ክብሪት ከ1844 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው ሠራተኛው ይታመማል ብሎ ጥቂት ሳንቲም ለመጨመር የፈቀደ ሰው ነበር። በልብስ ንጽሕና ቤት፣ በጽዳት ሥራ፣ በምስማር ቤትና በፋብሪካ የሚሠራ ወገን በየቀኑ የሚነካው ፈሳሽና የሚተነፍሰው ጢስ ምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው። በአሜሪካ አሠሪው የንጥረ ነገሩን አደገኛነት የሚገልጸውን ወረቀት ለሠራተኛው የማሳየት የሕግ ግዴታ አለበት። ቋንቋው ቢከብድ የሚያነብለት ሰው አያጣም። የቦው ሴቶችም በሐሰት ወረቀት ላይ አለመፈረምን ያውቁበት ነበር።