የፒኤስኤ ምርመራ ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ ለአባባ የፕሮስቴት ካንሰር የደም ምርመራ እዘዢላቸው» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ታሪኩን ብታውቁት ጥያቄያችሁ ትንሽ ይለወጣል።

ፒኤስኤ በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ፣ ካንሰሩ የተገኘባቸውን ወንዶች ለመከታተል ነበር። ካንሰርን ለመፈለግ የተፈቀደው በ1994 ነው፤ ሐኪሞች ግን ቀድመው በሰፊው ያዙት ነበር። ችግሩ፣ ዕጢው በዕድሜ ሲያድግ ወይም ሲቆጣም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከ1970 ጀምሮ የፕሮስቴትን አንቲጂን ያጠኑት ሪቻርድ አብሊን እንኳ በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የጅምላ ምርመራውን ተቃወሙ።

በ2012 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል «አይመከርም» አለ። በ2018 አለሳለሰው፦ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉት ከሐኪም ጋር ተመካክረው ይወስኑ፣ ከ70 ጀምሮ ግን ይቅር። ሒሳቡ ይኸው፦ 1000 ወንዶች ለ13 ዓመት ያህል ቢመረመሩ በዚህ ካንሰር ከመሞት የሚተርፉት 1 ወይም 2 ናቸው። 50 ያህሉ ግን በሕክምናው ምክንያት ለስንፈተ ወሲብ ይዳረጋሉ፣ 15 ያህሉ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ከእነዚህ መካከል ካንሰሩ ምንም ሳያደርጋቸው ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አባታቸው ወይም ወንድማቸው በዚህ ካንሰር የታመመባቸው ቀደም ብለው ያማክሩን። ሽንታቸው ደም ከቀላቀለ ወይም አልወጣ ካላቸው ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ አይመለከታቸውም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ይዛችኋቸው ኑ።