የውጅግራው ሰደፍ

ስለ ጎጃም ጠመንጃ ሲነሣ ወጋችን ወዲያው ወደ መታጠቅና ትጥቅ ወደ መፍታት ይሄዳል። እኔ ዛሬ ወደ እንጨቱ ልመልሳችሁ። ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መሸንቲ በነበረው በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ብረቱ የፈረንሳይ፣ ሰደፉ የመሸንቲ።

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡትን፣ በመኰንኑ በባዚል ግራ ስም «ፉዚ ግራ» የተባለውን ባለ አንድ ጥይት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በሠራዊታችን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱም ይኸው ነበር። ብረቱ ትውልድ ይሻገራል፤ እንጨቱ ግን ከቃታው በስተ ኋላ በቀጠነበት አንገቱ ላይ ይሰበራል።

የአያቴም ተሰበረ። የጠገነው በአካባቢው «ጠይብ» እየተባለ የሚናቅ ባለሙያ ነው። በልጅነቱ አጠገቡ ቆሞ ያየው አጎቴ እንዳወጋኝ፣ ሰውዬው በሚገባ የደረቀ ዋንዛ መርጦ፣ የእንጨቱ ጅማት አንገቱ ላይ ሳይቆረጥ በቁመቱ እንዲያልፍ አድርጎ ጠረበው። (ጅማቱ አግድም ከሄደ ተኩሱ ወደ ኋላ ሲገፋ ይሰነጠቃል።) ከዚያም በጠርሙስ ስባሪ፣ ጅማቱን ተከትሎ ፋቀው። በእርጥብ ጨርቅ አበሰውና አደረቀው፤ ውኃ የነካው እንጨት ጭረቱ ስለሚነሣ እንደገና ፋቀው። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመ። ዛሬ በብርጭቆ ወረቀት ከሸካራው ወደ ለስላሳው የሚሸጋገሩ አናጢዎች የሚከተሉት ሥርዓት ከዚህ አይለይም። አያቴ እንደ ዱላ ቅቤ ሊቀባው ሲል ባለሙያው ከለከለው፤ ቅቤ አይደርቅም፣ እጅ ያሟልጫል። የተልባ ዘይት በመዳፉ እያሸ፣ በየቀኑ ስስ ስስ አድርጎ አጠጣው። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በእንጨቱ ውስጥ እንደሚጠነክር፣ የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎችም በዚሁ ዘይት ይጠቀሙ እንደነበር ያነበብሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ያ ሰው ምሳውን የበላው ግን ደጅ ተቀምጦ ነው። ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠርቶ አዳሪውን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ ከወጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም የአያቴን ደጃፍ አልተሻገረም። (ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ «ሴባስቶፖል»ን ካሠሯቸው ሰዎች መካከል ስማቸው የሚነሣው በአብዛኛው አውሮፓውያኑ መሆናቸውንም ልብ ይሏል።)

በታሪክ ጸሐፊው ላይ ብቻ አላመካኝም፤ ከእነርሱ አንዱ ነኝና። የዶክትሬት ጥናቴ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ስላነሣው ዐመፅ ነበር። መሣሪያ ይመዝገብ መባሉም ከቅሬታዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ ጠመንጃ በእነማን እጅ እንደነበረ፣ በምን እንደተገዛ፣ ለማን እንደተወረሰ ብዙ ገጽ ጻፍሁ። በማን እጅ ተጠግኖ ለዚያ ዓመት እንደደረሰ ግን አንድም ሽማግሌ አልጠየቅሁም።

ጥናቱን ካስረከብሁ በኋላ ለአጎቴ፣ «ጋሼ፣ ያ ሰው ስሙ ማን ነበር?» አልሁት።

የጠመንጃውን ቁጥር ሳያወላውል በቃሉ ነገረኝ። ስለ ሰውዬው ሲሆን ጥቂት አሰበና፣ «ጠይቡ ነው እንጂ የምንለው፣ ስሙንማ ማን ጠይቆት» አለኝ።