ክራይ ዎልፍ (ልብ ወለድ)

ክራይ ዎልፍ በዊልበር ስሚዝ በእንግሊዝኛ የተጻፈና በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ ታሪካዊ የጀብዱ ልብ ወለድ ነው። ርዕሱ «ተኩላ መጣ» እያለ በሐሰት የሚጮኸውን እረኛ ተረት ያስታውሳል።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1935 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄክ ባርተንና እንግሊዛዊው ጋሬዝ ስዌልስ ያረጁ ብረት ለበስ መኪናዎችን በድብቅ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባሉ፤ ጋዜጠኛዋ ቪኪ ካምበርዌልም አብራቸው ትጓዛለች። በጠላት በኩል የሚገጥማቸው ካውንት አልዶ ቤሊ ጉራው ከጀግንነቱ የሚበልጥ አዛዥ ነው።

ገጸ ባሕርያቱ ፈጠራ ቢሆኑም የኮንትሮባንዱ መነሻ እውነተኛ ነው። ከወረራው በፊት ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም አገሮች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክለው ነበር። ክልከላው ሲታይ እኩል ይመስላል፤ ይሁንና ኢጣሊያ ታንኩንም አውሮፕላኑንም በራሷ ፋብሪካ ስለምትሠራ በተግባር የተጎዳችው መሣሪያ ከውጭ የምትገዛው ኢትዮጵያ ነበረች። የመንግሥታት ማኅበር እገዳውን ለኢትዮጵያ ያነሳው ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን የኢጣሊያ ጦር፣ ዛሬ ቁሓን የምታጠቃልለውን መቀሌን ያዘ።