የፈረስ ጉልበት ብድር



ሰሞኑን ጋራዥ የሚሠሩ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላኩልኝ። «ቲቸር፣ የመኪና ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሲቀየር ጉልበት ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?» እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ይሄ ጥያቄ ታሪኩ ካልተነገረ መልሱ አይገባም። ስለዚህ ሻይ ቡና ይዛችሁ ተከተሉኝ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመሠረቱ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አየር፣ ቤንዚንና እሳት። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ገደማ ያስፈልገዋል። እሳቱ ደግሞ ከካንዴላው በትክክለኛው ቅጽበት መውጣት አለበት። በካርቡራተር ዘመን ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ሰው ነበር። ዊንጩን ይዞ ሚኒሞውን ያስተካክላል፣ ዲስትሪቢውተሩን ትንሽ ያዞራል፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሞተሩን ያዳምጣል። ቮልስና ላዳ የነዳችሁ ሰዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ከየት መጣ? አብዛኛው ሰው ለጉልበት ወይም ለፍጥነት የተፈለሰፈ ይመስለዋል። አይደለም። ያመጣው ጭስ ነው።

በ1940ዎቹ የሎስ አንጀለስ ሰዎች ዓይናቸውን የሚያቃጥል፣ ጉሮሯቸውን የሚከረክር ጉም ያስጨንቃቸው ጀመር። መጀመሪያ ፋብሪካዎች ተወቀሱ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃገን-ስሚት የተባለ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ትውልደ ሆላንድ ኬሚስት ነገሩን አጣራ። ከመኪኖችና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ጉሙን እንደሚፈጥር አሳየ። መኪና ሠሪዎቹ ቶሎ አልተቀበሉትም። ካሊፎርኒያ ግን የጭስ ሕግ ማውጣት ጀመረች፤ በ1970 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ጠንካራውን የንጹሕ አየር ሕግ አጸደቀ።

በዊንጭ የሚስተካከል ካርቡራተር ይህን ሕግ ለማክበር ይቸገራል። የጀርመኑ ቦሽ በ1967 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ አቀረበ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቮልስዋገን 1600 ሲሆን፣ ዋናው ዓላማ የአሜሪካን የጭስ ደንብ ማለፍ ነበር። በ1979 ደግሞ ቦሽ ነዳጁንም እሳቱንም በአንድ ዲጂታል ሳጥን የሚያዝዘውን ሞትሮኒክን በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ገጠመ። ከዚያ በኋላ የመካኒኩ ዊንጭና ጆሮ በቁጥር ተተኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያለ ነገር ነው፤ በዚህ ዙርና በዚህ የአየር መጠን ይህን ያህል ቤንዚን፣ እሳቱም በዚህ ዲግሪ ይላል። «ፕሮግራም መቀየር» ማለት እነዚህን ቁጥሮች መቀየር ነው፣ ሌላ ምትሃት የለውም።

አሁን አንዲት ትንሽ መኪና ላስተዋውቃችሁ። የካቲት 1989 የጃፓኑ ማዝዳ ሚያታን በቺካጎ የመኪና ትርዒት አቀረበ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ መኪና ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ማዝዳ የፈለገው ቅልጥፍና እንጂ ጉልበት አልነበረም። ዓለምም ወደዳት፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። ሰው ግን ሰው ነው! የወደደውን ነገር እንዳለ አይተወውም። ባለቤቶቿ «ትንሽ ቢጨመርላትስ?» ማለት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ዘዴ በነፃ የሚሠራ ነበር። ፋብሪካው እሳቱን ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀደም ብሎ እንዲወጣ አስተካክሎታል። ባለቤቶቹ አንዱን ሴንሰር አላልተው ትንሽ በማዞር ወደ 14 ዲግሪ ወሰዱት። መኪናዋ በእርግጥ ነቃ አለች። ነገር ግን እሳቱ ሲቀድም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ቤንዚኑ ደካማ ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳት ሲበዛ ፒስተን ይበላል። ስለዚህ ውድ ቤንዚን መግዛት ግድ ሆነ። ልብ በሉ፣ ጉልበቱ በነፃ አልመጣም። ፋብሪካው ለክፉ ቀን ብሎ ካስቀመጠው ትርፍ ተቀንሶ፣ ልዩነቱ ከኪስ ተከፈለ።

ቀጥሎ ሳጥኑን ራሱ መቀየር መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ ሰው ራሱ በየዱ በይዶ የሚገጣጥመው ሜጋስኩዊርት የሚባል የሞተር ኮምፒውተር አወጡ። ሚያታ ያላቸው ወጣቶችም ገዝተው ቤታቸው ሠሩት። በላፕቶፕ ሰንጠረዡን ከፍተው ቁጥሩን አንድ በአንድ ማስተካከል ቻሉ። ያገኙት ትምህርት ግን ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ቁጥር በመቀየር ብቻ የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ፋብሪካው የተወው ትርፍ ያን ያህል ሰፊ አይደለምና። ቱርቦ ሲገጠም ግን ብዙ አየር ይገባል፣ ያኔ ሳጥኑ የግድ አዲስ ሰንጠረዥ ይፈልጋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከአየሩና ከቤንዚኑ ነው። የኮምፒውተሩ ሥራ ሁለቱን አስማምቶ ሞተሩ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው።

ቁጥር አምራቹንም ያጣላል። ማዝዳ የ2001ዋን ሚያታ በአሜሪካ 155 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ አስተዋወቀ። ገዢዎች ለኩ፣ አልደረሰም። ኩባንያው ትክክለኛው 142 ነው ብሎ አመነ። መኪናውን መመለስ ለፈለገ ገንዘቡን ሊመልስ፣ ለሚያቆይ ደግሞ 500 ዶላርና ነፃ ሰርቪስ ሊሰጥ ቃል ገባ። ይህ እንግዲህ ደጉ ታሪክ ነው፤ ገዢው መለካት ቻለ፣ ሻጩም ሰማ።

ክፉው ታሪክ ደግሞ መስከረም 2015 ወጣ። መኪናው ትንሽና ስፖርት አልነበረም፣ ሳጥኑ ግን ያው ሳጥን ነው። የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች ኮምፒውተር ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ያጣራ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ ማጣራቱን ይቀንሳል። አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው። ለሳንባችን ሲባል የተፈጠረው ሳጥን፣ ሳንባችንን ማታለያ ሆነ። ዊንጩን ሲያዞሩ ማንም ያያል፤ ቁጥሩን ሲቀይሩ ግን የሚያይ የለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆቼ ጥያቄ ልመለስ። አዎ፣ እውነት ነው፣ ይቻላል። ግን ለአዲስ አበባ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። 116 የፈረስ ጉልበት ያላት ሚያታ እዚህ ብትመጣ ወደ 90 ገደማ ትወርዳለች። ይህን የጎደለ አየር የትኛውም ፕሮግራም ከሰማይ አያወርደውም። ቱርቦ የሌለውን መኪና «ኮምፒውተሩን ነክቼ 30 ፈረስ እጨምርልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በምን ለካህ በሉት።

ደንበኛ መጥቶ «ጉልበት ጨምርልኝ» ሲላችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከየት ተበድረን? ብድሩ ከቤንዚኑ ከሆነ ደንበኛው በየማደያው ይከፍላል። ከሞተሩ ዕድሜ ከሆነም ንብረቱ የራሱ ነው፤ ነግራችሁት ይወስን። ነገር ግን ካታሊስቱን ከጭስ ማውጫው ቆርጦ በመጣልና ኮምፒውተሩ እንዳያሳብቅ በማድረግ የሚገኝ ጉልበት፣ ብድሩን የሚከፍለው ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ነው። እሱን ማንም አላስፈቀደውም። መንገድ ዳር ሊስትሮ የሚሠራውን ልጅም እንዲሁ።

ሙያውን ተማሩ፣ ሰንጠረዡን ክፈቱ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ያን ሳጥን የሚያውቅ ወጣት በሀገራችን እንዲበዛ እፈልጋለሁ፤ ነገ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪናም ጉልበቱ የሚታዘዘው በሶፍትዌር ነውና። ብቻ ለደንበኛው ደረሰኝ ስትጽፉ፣ የነካችሁትን ቁጥር ከነበረው ጋር አብራችሁ ጻፉለት።

ጋራዥ የምትሠሩ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ አካፍሉን። ቸር እንሰንብት!