«ለስላሳ ኃይል» ሳይሆን «ስበት»

ሸዋ ሮቢት ወርዶ «ለስላሳ» ያለ ሰው የሚቀርብለት ቀዝቃዛ ጠርሙስ ነው። ሰሞኑን ጠርሙሴን ይዤ እንደተቀመጥኩ ከሬዲዮው «የኢትዮጵያ ለስላሳ ኃይል» የሚል ሐረግ ሰማሁና አንጀቴ ተቃጠለ። አጠራሩ በዜናም በጽሑፍም እየተዛመተ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ቢታረም እወዳለሁ።

ሐሳቡ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አሜሪካዊው ምሁር ጆሴፍ ናይ እ.ኤ.አ. በ1990 ስም ያወጡለት፣ አንድ ሀገር ሳያስገድድና ሳይከፍል ሌሎችን በውድ የማስከተል ችሎታ ነው።

ችግሩ ያለው ከአማርኛ ስሙ ላይ ነው። ለሰለሰ ለሚዳሰስ ነገር ይነገራል፤ ጥጥ ይለሰልሳል፣ ደጋግሞ የታረሰ መሬት ይለሰልሳል። ኃይል ለሰለሰ ከተባለ ግን ላላ፣ ደከመ ማለት ነው። «ረቂቅ ኃይል» የሚሉም አሉ፤ ረቂቅ ለመንፈስ ይስማማል። «የማግባባት ኃይል» ይሻላል፤ ሆኖም ማግባባት አንደበት ይፈልጋል፣ ይህ ኃይል ግን ዝም ብሎም ይሠራል።

የእኔ ምርጫ «ስበት» ነው። ሥሩ የግእዙ ሰሐበ፣ የአማርኛው ሳበ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ባለ ተሳቢ መኪና ተመልከቱ፦ ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቷል፣ የፍሬኑ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። የሚገፋው የለም፤ ቁልቁለቱ ይስበዋል።

አገሩም ስበትን ያውቃል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ኖራ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1951 ዓ.ም. ነው። የዐረብ ጸሐፊዎች የሙስሊሞቹን አገር ይፋትን ጀበርት ይሏት ነበር፤ ካይሮ አል አዝሀር ውስጥም ጀበርቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነበራቸው። ግብፅ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ያለ ጦር ስባለች።

ኋላ ኢትዮጵያም ሳበች። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳና ከታንዛኒያ ጋር የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍን እንቴቤ ላይ ፈረመች። ግብፅ ብትቃወምም፣ ደቡብ ሱዳን ካጸደቀችው በኋላ ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀድሞ የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተገናኝተው ነበር። የላይኛው ተፋሰስ ወደ አዲስ አበባ ሲያዘነብል ካይሮ የቀይ ባሕሩን ጫፍ ያዘች።

ይህን ምን እንበለው? መሳሳብ። ከ«ለስላሳ» እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም፤ መለሳለስ ሌላ ነገር ነው። ሳበ ግን ሳቢውንም፣ ተሳቢውንም፣ ፉክክሩንም ከአንድ ሥር ይሰጠናል። እንዲህ የሚወልድ ቃል እያለን አማርኛን ድሃ አናስመስላት።