የመንገደኛ ገላ መታጠቢያና ከለላው



የመንግሥት ሠራተኛ ለመስክ ሥራ ወደ ባላገር በሚላክበት ጊዜ ስንቁን፥ አልጋውንና ብርድ ልብሱን፥ የመዝገብ ወረቀቱንና ማኅተሙን ቆጥሮ በጭነት መኪናው ላይ ያስጭናል። ነዳጁንና ትርፍ ጎማውን ሾፌሩ ያስብበታል። ገላውን የት እንደሚታጠብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስብ የለም። ይህም ጉድለት የሚታወቀው በሦስተኛው ቀን፥ አቧራው ከላብ ጋራ ተጋግሮ አንገትን ማሳከክ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ጨለማን ተገን አድርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በጉዞው ውስጥ ሴት ሠራተኛ ያለች እንደ ሆነ ግን እርሷ ከተማ እስክትመለስ ድረስ ሳትታጠብ መሰንበቷ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን መኪናቸውን ማደሪያ አድርገው ለሚጓዙ ሰዎች ሜዳ ላይ ስለሚተከለው የገላ መታጠቢያና ስለ ከለላው ይሆናል። ነገሩ ለጊዜው ትንሽ ቢመስልም ረጅም ታሪክ አለው።

ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ከድንኳን የተገዛች አገር መሆኗን እናስታውስ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ነገሥታት በአንድ ስፍራ ረግተው የማይቀመጡ ስለ ነበሩ፥ ከተማቸው በበቅሎ ተጭኖ የሚሄድ ከተማ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። እርሱ እንደሚለው፥ ሰፈሩ ብዙ ቀን የሚቆይ በሆነ ጊዜ የንጉሡ ድንኳኖች ዙሪያቸውን በረጅም መጋረጃ ይታጠሩ ነበር፤ መጋረጃውም ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ የተሠራ ነው። አልቫሬዝ ስሙን «ማንዲላቴ» ብሎ ይጠራዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ አንባቢም ይህ የእኛው መንጦላዕት ሳይሆን እንደማይቀር ለመገመት አይቸገርም። ይህ መጋረጃ ጦር አይመልስም፤ ከብርድም ብዙ አያስጥልም። ሥራው ከዓይን መከለል ብቻ ነው። ንጉሡን ተከትሎ የሚጓዘው ብዙ ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ መጋረጃ አልነበረውም፤ የእርሱ መጋረጃ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦና የሌሊት ጨለማ ነበረ። የመስክ ሠራተኛውም እስከ ዛሬ ከዚህ ብዙ ፈቀቅ አላለም ብንል ቅር የሚለው ሰው ያለ አይመስለንም።

ወደ ጎጃም እንለፍ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ተወላጅ ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሲጓዝ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1618 ሰከላ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 በኅዳር ወር እዚያው ደረሰ። እነርሱ ምንጩን የፈለጉት ስለ ጂኦግራፊ ነው። የአገሩ ሰው ግን ወደ ግሽ ዓባይ የሚሄደው እስከ ዛሬ ስለ ጠበሉ ነው፤ ጠበል ባለበት ስፍራም ሁሉ ባላገሩ ከማንም ሳይማር የከለላን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ወንድና ሴት ተለይተው የሚጠመቁበት ስፍራ በእንጨት አጥር፥ ኋላም በቆርቆሮ ተከልሎ ታያላችሁ። በተረፈ ግን በአገራችን ለመንገደኛ የሚሰጠው ውሃ የእግር ውሃ ነበረ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አገር፥ እንደ ሌላውም ባላገር፥ የመሸበት እንግዳ ቤት ሲገባ ለብ ባለ ውሃ እግሩን ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ይህ እጅግ ያማረ ደግነት ነው፤ የቀረውን ገላ ግን እንግዳው ራሱ እንደ ምንም መቻል ነበረበት።

ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ራሷ ከመታጠቢያ ሰፈር የተወለደች መሆኗን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ንጉሥ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳለ መኳንንቱና ሠራዊቱ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ በሙቁ ውሃ ይታጠቡ፥ በዙሪያውም ድንኳን እየተከሉ ይሰነብቱ ነበር። ኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል የስፍራውን ማማር አይተው ቤት እንዲሠራ ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ ተቆርቁራ ስሟን አገኘች። ለመታጠብ የተተከለ ድንኳን ከተማ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ሻወር ብለን የምንጠራው፥ ውሃን ከላይ እያፈሰሱ ቆሞ መታጠብ፥ በአውሮፓ ለብዙ ሕዝብ የተዳረሰው በምቾት መንገድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ ሜሪ ደላቦስት የተባለ የወህኒ ቤት ሐኪም እስረኞችን በገንዳ ማጠብ ውሃና ጊዜ የሚፈጅ ሆኖ ስላገኘው፥ ቆመው በጥቂት ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በ1883 ደግሞ በበርሊን በተደረገው የጤና አጠባበቅ ትርኢት ኦስካር ላሳር የተባለ የቆዳ ሐኪም ለሠራተኛው ሕዝብ የሚሆን የመታጠቢያ ቤት ሠርቶ አሳየ። ቤቱ የቆርቆሮ ነበረ፤ ዐሥር ክፍል ነበረው፤ አምስቱ ለወንዶች፥ አምስቱ ለሴቶች። በአዲስ አበባ ጓሮዎች የምናየው የቆርቆሮ መታጠቢያ የዚያ የበርሊኑ ቤት የሥጋ ዘመድ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። ከዚህ ታሪክ ለመንገደኛ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፤ ሻወር ከመነሻው የቁጠባ መሣሪያ ነው። ዐሥር ሊትር ውሃ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ሰውነትን ማርጠብ፥ ውሃውን ዘግቶ ሳሙና መምታት፥ ከዚያ መለቅለቅ። አንድ የሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለት ሰው ያጥባል።

በጎጃም ምድር በጭነት መኪና እየሰፈሩ ስለ መጓዝ ሲነሣ የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ የግድ ይታወሳል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ገብተው፥ ከዚያ በበላያ በኩል ወደ ቡሬ፥ ከቡሬም ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው፥ ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው አገር አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ከኦሜድላ እስከ በላያ ባለው ቆላ መኪኖቹ የሄዱት ዱሩ እየተመነጠረላቸው ነው፤ ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በእንዲህ ያለ ጉዞ ለመጠጥ እንኳ ውሃ የሚሰፈር ስለ ሆነ፥ ገላ መታጠብ የመጨረሻው ጉዳይ እንደሚሆን ግልጽ ነው። የጌዴዎን ጦር አዛዥ የነበረው እንግሊዛዊው ዊንጌት ገላውን በውሃ ከመታጠብ ይልቅ በብሩሽ እየፈገፈገ ያጸዳ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሰዎች ጽፈዋል። በጦር ሜዳ ይህ ሳያስመሰግነው አይቀርም፤ ለጽሕፈት ቤት ሰው ግን የሚመከር ልማድ አይመስለንም።

የመታጠቢያን ነገር ከምቾት የሚያልፍ ጉዳይ የሚያደርጉት በሽታዎች አሉ። ተስቦና ግርሻ ሁለቱም በልብስ ቅማል የሚተላለፉ ናቸው፤ የተስቦውን መንገድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ያረጋገጠው ሻርል ኒኮል ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ በተበተነ ጊዜ ባሕር ዳር በተሰበሰቡት ወታደሮች መካከል ግርሻ ገብቶ ብዙ ሰው ጎድቷል። ገላን መታጠብ ብቻውን ቅማልን አያጠፋም፤ ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖር ነውና ልብስን መለወጥና መቀቀል ያሻል። ነገር ግን ልብሱን አውልቆ የሚመለከትበት የተከለለ ስፍራ የሌለው ሰው ቅማሉን ከቶ እንዴት ያገኘዋል?

ወንዝ ወርዶ መታጠብም የራሱ ጣጣ አለው። ቢልሃርዚያ በጣና ዳርና በክልሉ ባሉ ብዙ ወንዞች ውስጥ ይገኛል፤ የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸው የታወቀ ነው፤ እንዶድ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ስም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ መንገደኛው ወደ ወንዙ ከሚወርድ ውሃው ወደ መንገደኛው ቢወጣ ይሻላል። ውሃውም ከቧንቧ ወይም ከጎለበተ ምንጭ ቢቀዳ ደግ ነው፤ ከወንዝ የተቀዳ እንደ ሆነ ግን ፈልቶ ይብረድ፥ ወይም በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን ሙሉ ይደር።

አሁን ከለላውን ስለ መምረጥ እንነጋገር። ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በመኪናው ጎን የሚንጠለጠለው ነው፤ ከስፖንዳው ጫፍ ሁለት ብረት ወይም እንጨት ወደ ውጭ ተዘርግቶ ሸራ ይጋረድበታል፥ መኪናው ራሱ አንዱ ግድግዳ ይሆናል። ለአንድ ሌሊት ሰፈር ከዚህ የሚሻል የለም፤ ጉድለቱ ሾፌሩ ውሃ ወይም ነዳጅ ሊያመጣ በተነሣ ቁጥር መፍረሱ ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ የሚመጣው፥ ሲለቁት ብድግ ብሎ የሚቆመው ትንሽ ድንኳን ነው። ሲገዙት ያስደስታል፤ ሲያጥፉት ግን ሰው ያጣላል፥ ነፋስም ሲመጣ ከታጣቢው ጋራ ለመሄድ ይቃጣዋል። ሦስተኛው እዚያው አገር ከሚገኝ እንጨት የሚሠራው ነው። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ባለው ደጋ ቀርቀሃ ሞልቷል፥ ባሕር ዛፍም የሌለበት ቀበሌ የለም። ሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰፈር እኛ የምናደላው ወደዚህ ነው፤ እንጨቱን ከባለቤቱ በዋጋ መግዛት እንጂ በሌሊት ቆርጦ መውሰድ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ እንዳልሆነ ግን መቼም አይጠፋችሁም።

የጨርቁ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ነጭ አቡጀዲ ርካሽ ነውና ይመረጣል፤ ዳሩ ግን በረጠበ ጊዜ ገላ ላይ ተጣብቆ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ደረቅም ቢሆን፥ ማታ ፋኖስ በውስጡ በተሰቀለ ጊዜ የታጣቢው ጥላ በጨርቁ ላይ ተስሎ ለሰፈሩ ሁሉ ትርኢት ይሆናል። ስለዚህ ጨርቁ ወፍራምና ጠቆር ያለ ሸራ ይሁን፤ መብራቱም በከለላውና በሰፈሩ መካከል፥ ከውጭ ይሰቀል። ወርዱና ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆን ሰው እጁን ሊዘረጋ ይችላል፤ ከፍታው ከሁለት ሜትር አይነስ። በአንዱ ጥግ ለደረቅ ልብስ የሚሆን ሁለተኛ መጋረጃ ቢጨመር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰው ለብሶ ገብቶ ለብሶ እንዲወጣ የሚያደርገው ይህ ነውና።

ስፍራ ሲመረጥ አስቀድሞ ባለመሬቱን ወይም የቀበሌውን ሽማግሌ «አባቴ፥ እዚህ ብንሰፍር ይፈቀድልናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሜዳ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ባለቤት የሌለው አይደለም፤ የወል ግጦሽ ይሆናል፥ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሆናል፥ በቅርቡም ጠበል ሊኖር ይችላል። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ይራቅ፥ መንደሩ ውሃ ከሚቀዳበትም በላይ በኩል አይሁን፤ ሳሙናው ወደ ሰው እንስራ እንዳይወርድ። በሩ ከመንገድና ከእግር ጎዳና ፊቱን ያዙር። መሬቱም ጥቂት ያዘነበለ ይሁን፤ መኪናው ግን ከላይ እንጂ ከታች አይቁም፥ የአምስት ሰው መታጠቢያ ውሃ ከጎማ ሥር ከገባ ጧት ገፍታችሁ ታወጡታላችሁና።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በበጋ ችካል አጥብቆ ይይዛል። ዋልካ በሆነበት ስፍራ ግን፥ ይልቁንም በክረምት፥ ችካል እንደ ቅቤ ውስጥ ቢላዋ ይወጣል፤ እዚያ አውታሩን በትልቅ ድንጋይ ወይም አፈር በሞላ ጆንያ ማሰር ይሻላል። ምሰሶዎቹ አናታቸው ጥቂት ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ በአውታር ይወጠሩ፤ የሸራው ግርጌም በድንጋይ ይጫን። ከእግር በታች የተደረደረ እንጨት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ ከጎኑም ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት፥ ውሃውም በቦይ ወደዚያ ይውረድ። ጥቁር ጀሪካን ከረፋድ ጀምሮ በመኪናው ጣራ ላይ ከተሰጣ ዐሥር ሰዓት ላይ ውሃው ለብ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ የደጋ ብርድ ከመውረዱ በፊት የሚታጠብ ሰው ማገዶ አያስፈልገውም። ተራውም ቢታወቅ መልካም ነው። ሴቶች ውሃው ሳይበርድና ሳይመሽ ይቅደሙ፤ አለቃውም ተራውን ይጠብቅ።

ሰፈር ሲነሣ ጉድጓዱ ተደፍኖ የተነሣው ሣር ይመለስበታል፤ የቆመው እንጨትም ለባለመሬቱ ቢተውለት ላጥሩ ይሆነዋል። ሸራው እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፤ ዝናም ከሆነና የሚደርቅበት ጊዜ ካልተገኘ በስፖንዳው ላይ አንጠልጥላችሁት ሂዱ፥ ደምበጫ ሳትደርሱ ነፋሱ ያደርቀዋል።